በቤት የቀላቀልኩት የካርቦን ውህድ ጠርሙሱ ውስጥ ዝልግልግ ነገር አወጣ፣ ልድፋው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 200 ሊትር የኮራል አኳሪየም አለኝ። ናይትሬቱ (ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚጠራቀመው) አልወርድ ስላለኝ፣ ካርቦን በልተው ናይትሬቱን የሚቀንሱ ባክቴሪያዎች እንዲራቡ ብዬ 250 ሚሊ ቮድካ፣ 50 ሚሊ ነጭ አቼቶና ሁለት ማንኪያ ስኳር ቀላቅዬ፣ ውህዱን በቱቦ ወደ አኳሪየሙ የሚያንጠባጥበው ፓምፕ ትንሽ ትንሽ መለካት ስለሚቸግረው በተጣራ ውሃ አንድ ሊትር ሞላሁት። በሦስተኛው ሳምንት ጠርሙሱን ብድግ ሳደርገው ከሥሩ ነጭ ዝልግልግ ነገር ተንሳፎ ወጣ። ሽታውም ተቀይሯል። አጥልዬ ልጠቀምበት? ወይስ ከመጀመሪያው ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት?

መልስ 1፦ ድፋው ወንድሜ። ብታጠልለው የሚቀረው ጓሉ ብቻ ነው፣ ባክቴሪያው ያልፋል። 40 በመቶ አልኮል ያለው ቮድካም ሆነ 5 በመቶው አቼቶ ለየብቻቸው ክዳናቸው ከተገጠመ ፍሪጅ ሳያስፈልጋቸው ብዙ ወር ይቆያሉ፣ ምክንያቱም በዚያ ጥንካሬ ባክቴሪያ በቀላሉ አይበቅልባቸውም። አንተ ግን በውሃ አቅጥነህ አልኮሉን ወደ 10 በመቶ አወረድከው፣ በዚያ ላይ ስኳር ጨመርክበት። ለባክቴሪያ ድግስ ነው። አየር ሲገባው ደግሞ አልኮሉን ወደ አቼቶ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ይገቡበታል፣ ያየኸውም ዝልግልግ የእነሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ፍሪጅ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ማቅጠን ከፈለግህ አቼቶ ብቻ ተጠቀም። በካርቦን መጠን 1 ሚሊ ቮድካ ከ8 ሚሊ አቼቶ ጋር ይቀራረባል፣ ስለዚህ አቼቶው በራሱ የቀጠነ ነው፣ ፓምፕህም አይቸገርም።

መልስ 2፦ የቱቦውን ጫፍም እየው። ውሃው ውስጥ የተነከረ ከሆነ ባክቴሪያው በቱቦው ሽቅብ ይወጣና ይደፍነዋል። ከውሃው ከፍ አድርገህ፣ ፍሰት ያለበት ቦታ ላይ እንዲንጠባጠብ አድርገው። ክዳኑ ደግሞ ብረት አይሁን። እኔ በብረት ክዳን አቼቶ አስቀምጬ ከወር በኋላ ስከፍተው የክዳኑ ውስጥ ዝጎ ቡናማ ጠብታ ወደ ጠርሙሱ ወርዶ ነበር፣ ሙሉውን ጣልኩት። የፕላስቲክ ክዳን አድርግና ለአየር አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ተውለት። ጭራሽ ከታሸገ ፓምፑ ሲስብ ጠርሙሱ ይጨማደዳል፣ የሚወጣውም ያንሳል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ደግሞ አልኮሉ ይተናል።

መልስ 3፦ ከሁሉም በላይ እኔን ያሳሰበኝ አዲሱን ስትጀምር ነው። የድሮው ውህድ ካርቦኑ ሲበላ ከርሟል፣ ስለዚህ ስንት ሚሊ ስትሰጥ ምን ያህል እንደገባ አታውቅም። ያንኑ ሚሊ ባልቀጠነ ቮድካ ብትቀጥል ካርቦኑ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ባክቴሪያው በአንዴ ፈልቶ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፣ ኦክስጅን ያልቃል፣ ዓሦቹም ላይ ላዩን ወጥተው ያለከልካሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያዳነኝ ስኪመሩን (ውሃውን በአየር አረፋ የሚያጠራውን መሣሪያ) ወዲያው ማጠናከሬ ነው። እባክህ ከዝቅተኛው ጀምር፣ ናይትሬትና ፎስፌት እየለካህ በየሳምንቱ ብቻ ጨምር። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሆነና የተሞላበትን ቀን ጻፍ። አልኮል ከሆነ ደግሞ ከመብራቱና ከሶኬት አርቀው፣ እሳት ይይዛል።

ጠያቂ፦ ደፋሁት። ቱቦውን ቆርጬ ሳየው መልስ 2 እንዳልከው ጫፉ በነጭ ነገር ተደፍኗል፣ ለካ ጠብታው ያነሰው ለዚህ ነው። አዲስ ቱቦ ቀይሬ ከነገ አቼቶ ብቻ በቀን 2 ሚሊ እጀምራለሁ። ስኳሩን ተውኩት። በጣም አመሰግናለሁ።