የሕብረተሰብ ጤና ተምሬ የት እገባለሁ?

የካዛንቺስ ልጅ፦ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ የትምህርት ክፍል ምርጫ ልሞላ አንድ ሳምንት ቀርቶኛል። ሕብረተሰብ ጤና ማሰቤን ስነግራት እናቴ «የማያክም ሐኪም ምን ይሠራል?» አለችኝ፤ መልስ አጣሁላት። በሙያው ያላችሁ፣ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ምን ትሠራላችሁ?

አራዳ ነኝ፦ ወንድሜ፣ ለእናትህ እንዲህ በላቸው፦ በሕብረተሰብ ጤና በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቀው ጤና መኮንን ያክማል፣ መድኃኒት ያዝዛል፣ ያዋልዳል። በ1947 የጎንደሩ የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጀምሮ እንዲሁ ነው። እኔም ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ካከምኩ በኋላ ነው ወደ በሽታዎች ቅኝት የተዛወርኩት።

ሰኞ ጠዋት ከየጤና ጣቢያው የሳምንቱ ሪፖርት ይመጣልኛል፦ ወባ ስንት፣ ታይፎይድ ስንት። በሽተኛ ከሌለ «ዜሮ» ተብሎ ይሞላል። ትልቅ ቁጥር አያስደነግጠኝም፤ የሚያስደነግጠኝ ባዶ የተተወ ሣጥን ነው። በሽታው ጠፍቶ ይሁን የሚያይ ጠፍቶ አይታወቅማ።

በ2008 ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከተማችን ሲገባ ግን ወረቀቱን ትተን ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ከቤት ቤት ዞርን። አንዲት እናት ውኃ አጋሩን፣ የውኃ ማከሚያ ክሎሪኑን፣ ሲያዩ «ልጄ፣ ቡናዬ ይሸትብኛል» ብለው መለሱኝ። ቡናውማ ይፈላል፤ የእኔ ጭንቀት ከዚያው ጀሪካን ለልጆቹ የሚቀዳው ነበር። በማግስቱ ተመልሼ እያዩ ውኃ አጋሩን ጀሪካኑ ውስጥ ጨመርኩ፤ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቀን ቡናውን አብረን ጠጣን። ከዚያ ጎረቤቶቻቸውን ራሳቸው ጠሩልኝ። በዚያ ቀን አንድም ሰው አላከምኩም።

ደመወዙን አትጠይቀኝ። ፒያሳ እየሠራሁ ፒያሳ መከራየት አልቻልኩም።

ፕሮጀክት የተዘጋበት፦ እኔ ጥቁር አንበሳ ግቢ በኤፒዲሚዮሎጂ (በበሽታ ስርጭት ጥናት) ሁለተኛ ዲግሪ ሠርቼ፣ በአሜሪካ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ የኤችአይቪ ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ጥሩ ነበር። በ2017 ገንዘቡ ሲቋረጥ ከነጠረጴዛዬ ተሰናበትኩ። አሁን የሚያበላኝ ተማሪዎች የሚሸሹት ባዮስታቲስቲክስ ነው፤ የጥናት መረጃ እየተነተንኩ እከፈላለሁ። አንተ አትሽሸው። የመውጫ ፈተናውንም አትናቅ፤ ከ50 በመቶ በታች ካመጣህ ዲግሪ የለም።

የካዛንቺስ ልጅ፦ እናቴ አነበበችው። ስለ ደመወዙ ዝም አለች፤ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አብረው የጠጡት አቦሉን ነው ቶናውን?»

አራዳ ነኝ፦ በረካውን ነው በላቸው። አቦሉንና ቶናውን ከጎረቤት በተበደሩት ውኃ ነበር ያፈሉት።