የዕቅድ ውይይት፦ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ቦታና የካቢኔት ድጋፍ

አርቃቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበሩ ከምናቀርበው የኪችን እድሳት የጋራ ሐሳብ የቀረን የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ክፍል ነው። መነሻ እንዲሆን ይህን ጽፌያለሁ፦ ማሽኑ ከሲንኩ አጠገብ ይሁን፤ ከማሽኑ ጠርዝ እስከ ሲንኩ ጠርዝ ከ90 ሴ.ሜ አይበልጥ። ክፍተቱ 60 ሴ.ሜ ስፋት፣ ቢያንስ 82 ሴ.ሜ ቁመት ይኑረው። በረድፉ ጫፍ ላይ ከዋለ ጎኑ በ18 ሚ.ሜ ችፑድ ይዘጋ። ከተቻለ የወለሉ ሴራሚክ ማሽኑ ሥር ድረስ ይግባ። የጎደለውን ሙሉ፣ የተሳሳተውን አርሙ።

ካቢኔት ሠሪ
ወንድሜ፣ ከልኬቱ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ከላይ ይግባልኝ፦ «ካቢኔቱ ማሽኑ እንደሌለ ታስቦ ይሠራ።» ማሽኑ ዕቃ እንጂ ምሰሶ አይደለም። ሰውነቱ ስስ ቆርቆሮ ነው። ካውንተሩ ከተጫነው ፍሬሙ ይጣመማል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ የበሩ ጎማ በአንድ ወገን ይላላና ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ደግሞም ማሽን ለጥገና ይወጣል። ተስቦ ሲወጣ ካውንተሩ ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ወደ ልኬቱ ስንመጣ፣ የ60ው ማሽን ራሱ 59.8 ሴ.ሜ አካባቢ ነው። ያለን ትርፍ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ክፍተቱ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ ከፊትም ከኋላም ይለካ፤ የሚያዘው ትንሹ ቁጥር ነው። ፊት ለፊት 60 ሆኖ ኋላ 59.5 የሚሆነው የጎን ካቢኔቱ በውሃ ልክ ሳይስተካከል ሲታሰር ነው። በኢንች ልክ የተሠሩት ማሽኖች ደግሞ 61 ይፈልጋሉ። ስለዚህ «60 ሴ.ሜ» ብለን አንቸንክረው፤ «ማሽኑ ተመርጦ የመግጠሚያ መመሪያው ከታየ በኋላ ካቢኔቱ ይቆረጥ» እንበል።

ቁመቱ የሚለካው ካለቀለት ወለል ነው። ካውንተሩ 90 ሴ.ሜ ከሆነና ድንጋዩ 3 ከሆነ ከሥሩ 87 ይተርፋል፤ በቂ ነው። ካውንተሩ 85 ከሆነ ግን የሚተርፈው 82 ነው፣ ብዙው ማሽን እግሩ እስከ መጨረሻ ገብቶ 81.5 አካባቢ ነው። አምስት ሚሊ ሜትር ቀረን ማለት ነው። ወለሉ ትንሽ ካበጠ እሱም ያልቃል። 82.5 ብናደርገው ይሻላል።

ዲዛይን
ቦታው ላይ የምጨምረው አለኝ። ከ90 ሴ.ሜ አይራቅ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በሩ ሲከፈት ሰው የት ይቆማል? የተከፈተ በር ወደ 60 ሴ.ሜ ወደ ፊት ይወጣል። ከማሽኑ ፊት እስከ ትይዩው ካቢኔት ቢያንስ 115 ሴ.ሜ ካልተገኘ በሩ ተከፍቶ ማለፍ አይቻልም። ኤል ቅርጽ ባለው ኪችን ጥግ ላይ ማሽን መወሸቅ ትልቁ ስህተት ነው፦ በሩ ሲከፈት የጎረቤቱን መሳቢያ ይቆልፋል፣ ሲንኩ ፊት የቆመው ሰውም መላወሻ ያጣል። ከማሽኑ ጠርዝ እስከ ተሻጋሪው ረድፍ 53 ሴ.ሜ ያህል ባዶ ይተው። ይህ ካልተገኘ ቢያንስ የመሳቢያው እጀታ ከበሩ ጋር እንዳይጋጭ ጥጉ ላይ 5 ሴ.ሜ መሙያ ጣውላ ይግባ።

ምድጃውን ማሽኑ ላይ አናስቀምጥ። ፍሪጅም አጠገቡ አይሁን፤ ከማሽኑ የሚወጣው ሙቀት ፍሪጁን ይበልጥ ያሠራዋል።

እምነበረድ ገጣሚ
የካቢኔት ሠሪውን ሐሳብ በሚዛን ላሳይ። 3 ሴ.ሜ ግራናይት በካሬ ሜትር ወደ 80 ኪሎ ይመዝናል። ከማሽኑ በላይ ያለው 60 በ60 ቁራጭ ብቻውን ወደ 29 ኪሎ ነው። በሁለቱም ጎን ጠንካራ ካቢኔት ካለ፣ 3 ሴ.ሜ ድንጋይ 60 ሴ.ሜ ክፍተት ይሻገራል። 2 ሴ.ሜ ሲሆን ግን የሚረግጥበት ይፈልጋል፤ ሰው አምፖል ሊቀይር ላዩ ላይ ይወጣልና።

ሁለት ነገር በረቂቁ ይከልከል። የድንጋዩ መገጣጠሚያ ከማሽኑ ክፍተት በላይ አይዋል። ለሲንኩ የተቆረጠው ቀዳዳም ጠርዙ ክፍተቱ ላይ አይድረስ፤ ከሲንኩ ፊትና ኋላ የሚቀረው ቀጭን ድንጋይ የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው።

ካቢኔት ሠሪ
ለ2 ሴ.ሜው፦ ኋላ ግድግዳው ላይ 4 በ4 ሴ.ሜ እንጨት ወይም ቱቦላሬ በፊሸር ይታሰር፤ ድንጋዩ ከኋላ በሙሉ ርዝመቱ እሱ ላይ ይተኛል። ፊት ለፊት ደግሞ 20 በ20 ሚ.ሜ ቱቦላሬ ከጎን ወደ ጎን ይለፍ። አንዳንዱ ቦታ ለመቆጠብ ጠፍጣፋ ብረት አጋድሞ ያስገባል። ብረት የሚሸከመው ሲቆም ነው፤ የተጋደመ ጠፍጣፋ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይጎብጣል። ቱቦላሬው ከቁመቱ 2 ሴ.ሜ ስለሚበላ 82.5 የሚለካው ከቱቦላሬው ሥር ይሁን።

አሁን ጫፍ ላይ ወደሚቆመው ማሽን። አንድ 18 ሚ.ሜ ችፑድ ብቻውን አይበቃም፣ ይህን በደንብ እንያዘው። ማሽኑ ወደ ፊት እንዳይደፋ ጎኑ ላይ ይታሰራል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥርና የታችኛው ቅርጫት ሙሉ ሆኖ በተሳበ ቁጥር ቪቴው ያንን ችፑድ ይጎትተዋል። ችፑዱ ከወለል ጋር ካልተያዘ ይወላገዳል፣ ቀዳዳው እየሰፋ ቪቴው ይለቃል። ሁለት 18 ተጣብቆ 36 ይሁን፤ ኋላ ከግድግዳ በአንግል፣ ታች ከወለል በአንግል፣ ላይ ከቱቦላሬው ጋር ይያዝ። ቦታ ከተገኘማ ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ የሆነ ጠባብ የትሪ ካቢኔት ጫፉ ላይ ማቆም ይበልጣል። ሣጥን ስለሆነ ራሱን ችሎ ይቆማል።

የጎኑ ታችኛው ጠርዝ ባዶ ችፑድ ሆኖ ወለል አይንካ። ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ ይመጠምጥና እንደ ዳቦ ያብጣል። ጠርዙ በኤጅ ባንድ (በጠርዝ መሸፈኛ ልጣፍ) ይታሸግ፣ ከሥሩ 3 ሚ.ሜ ፕላስቲክ ይግባ።

ቧንቧ ባለሙያ
ጎማዎቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ ወደ ሲንኩ ካቢኔት በታች በኋላ ጥግ በኩል ይሁን፤ የፍሳሽ ጎማው ከነጫፉና የኤሌክትሪኩ መሰኪያ እንዲያልፉ 6 ሴ.ሜ ይበቃል። ጠርዙ በሲሊኮን ይታሸግ ወይም ፕላስቲክ ቀለበት ይግባበት፤ አለዚያ ችፑዱ ጎማውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጎማው ከማሽኑ ጀርባ መሐል ላይ ከተጠመዘዘ ማሽኑ እስከ ግድግዳው አይገባም፣ ጎማውም ይታጠፋል። ከታች ጎማ የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ እዚያ ይለፍ።

የፍሳሽ ጎማው ሲንኩ ካቢኔት ውስጥ ከገባ በኋላ እስከ ካውንተሩ ሥር ከፍ ብሎ ይታሰር፣ ከዚያ ወርዶ ሲፎኑ (ሲንኩ ሥር ያለው ጠማማ የፍሳሽ ቱቦ) ላይ ይግባ። ይህ ካልሆነ የሲንኩ ቆሻሻ ውሃ ተመልሶ ወደ ማሽኑ ይገባል። አዲስ ሲፎን ላይ የማሽን መግቢያው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ድፍን ሆኖ ነው የሚመጣው። ሳይከፈት ጎማው ከተገጠመ ማሽኑ ውሃውን መጣል አቅቶት ይቆማል፣ ባለቤቱም ፓምፑ ተቃጠለ ብሎ ይደናገጣል።

ለማሽኑ የራሱ መዝጊያ ቫልቭ ሲንኩ ሥር፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ይቀመጥ። ከማሽኑ ጀርባ ያለ ቫልቭ ቱቦ በፈነዳ ቀን አይጠቅምም።

ኤሌክትሪክ
ሶኬቱም እንደዚያው፦ ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን ሲንኩ ካቢኔት ውስጥ፣ ከሲፎኑ ራቅና ከፍ ብሎ። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ ወደ 2000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 9 አምፔር ማለት ነው። ሌላ 2000 ዋት የውሃ ማፍያ በዚያው መስመር ከተሰካ 18 ይደርሳል፤ ይህ ከ16 አምፔሩ ብሬከር አቅም በላይ ነው። የራሱ መስመር በ2.5 ሚ.ሜ ካሬ ሽቦ፣ የራሱ 16 አምፔር ብሬከር፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ፣ የመሬት ሽቦ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

እምነበረድ ገጣሚ
አንድ ነገር ልጨምር፦ ማሽኑን ከላይ ድንጋዩ ላይ ለማሰር ብሎ ግራናይት የሚቦረቡር አለ። ይህ አያስፈልግም፤ ለጎን ማሰሪያ የሚሆኑት ብረቶች አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ጋር አብረው ይመጣሉ።

ካቢኔት ሠሪ
ልክ ነው፣ ጎኑ ላይ ይታሰር። ቪቴው ግን ከ15 ሚ.ሜ አይርዘም፤ ከረዘመ 16 ሚ.ሜ የሆነውን የጎረቤት ካቢኔት ጎን በስቶ መሳቢያው ውስጥ ይወጣል። ካውንተሩ እንጨት ወይም ኤም ዲ ኤፍ ከሆነ ከማሽኑ በላይ ባለው ሥሩ ላይ የእንፋሎት መከላከያ ፎይል ይለጠፍ። በሩ ትኩስ እንደሆነ ሲከፈት እንፋሎቱ በቀጥታ የፊተኛውን ጠርዝ ነው የሚመታው። ዞኮሎው (ከታች እግሮቹን የሚሸፍነው ጣውላ) ደግሞ በቪቴ ሳይሆን በቅንጥብ ይያዝ፤ የፊት እግሮቹን ማስተካከል የሚቻለው እሱ ሲነሳ ነው።

አርቃቂ
ሁሉንም አስገብቻለሁ። ርክክቡ ላይ ይህን ጨምሬያለሁ፦ «በሩ ተከፍቶ የታችኛው ቅርጫት በዕቃ ተሞልቶ ይሳብ፤ የኋላ እግሮቹ ከወለል ከተነሱ ሥራው አልተረከበም። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ይታጠብ፤ ሲያልቅ ሲፎኑ፣ ቫልቩና የማሽኑ ሥር በደረቅ ሶፍት ይፈተሽ።» የሴራሚኩስ ጉዳይ?

ካቢኔት ሠሪ
«ከተቻለ» የምትለዋን አውጣት። ሴራሚኩ ማሽኑ ፊት ላይ ከቆመ ከነማጣበቂያው 1.5 ሴ.ሜ ደፍ ይሆናል። ማሽኑ ከላይ በካውንተር፣ ከፊት በደፍ ይታሰርና ለጥገና ሲፈለግ ወይ ሴራሚኩ ይሰበራል ወይ ድንጋዩ ይነሳል።

አርቃቂ
ወጥታለች። አሁን የሚነበበው እንዲህ ነው፦ «የወለሉ ሴራሚክ ከማሽኑ ሥር አልፎ እስከ ኋላ ግድግዳ ይድረስ፤ ካቢኔት የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው።»