አባቴ ከስትሮክ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ሰዓት ሲደርስ ይጨነቃሉ፤ የላቬንደር ዘይት ይረዳቸዋል?

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ወር ሆነ። ቀኝ እጅና እግራቸው ደክሟል። የምንላቸው ይገባቸዋል፤ መመለስ ግን ይቸገራሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ይመጣል። በሩ ሲንኳኳ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨብጠው አይለቁም። ዱባይ ያለችው እህቴ የላቬንደር ዘይት ልካ «አሽትቺያቸው፣ ያረጋጋል» ትላለች። አክስቴ ደግሞ ባሕር ዛፍ አፍልተን እንድናጥናቸው ትፈልጋለች። የደም ግፊትና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳሉ። ስንት ጠብታ ልጠቀም? እጃቸውን ባሸውስ ችግር አለው?

ነርስ ነኝ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ላቬንደር ማሽተት ጭንቀትን በመጠኑ እንደሚያቀልል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ሕክምናውን ያግዝ እንጂ አይተካም። አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ጥጥ ላይ አድርገሽ፣ ከፊታቸው ክንድ ያህል አርቀሽ፣ ለ10 ደቂቃ አስቀምጪው። መስኮት ይከፈት። ጥጡን ልብሳቸው ላይ አትለጥፊ፤ ካስጠላቸው ፊታቸውን ማዞር መቻል አለባቸው።

በአፍ ፈጽሞ አይሰጥ፣ ሻይ ውስጥም ቢሆን። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊቸግረው ይችላል፤ ዘይት ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን ይጎዳል።

የባሕር ዛፉን ነገር ግን አልደግፍም። የባሕር ዛፍ፣ የጥብስ ቅጠልና የካምፎር ዘይት ለመንቀጥቀጥ በተጋለጠ ሰው ላይ መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ከስትሮክ በኋላ ደግሞ አንጎል ለዚህ የተጋለጠ ነው። የፈላው ድስትም ያሰጋል። በደከመው ጎናቸው ሙቀት ላይሰማቸው ይችላል፤ እየተቃጠሉ እንኳ «አቃጠለኝ» ላይሉሽ ነው።

እናቷን ያስታመመች (ደሴ)፦
እኔ ከሠራሁት ስህተት ልንገርሽ። ዘይቱን የማወጣው ፊዚዮቴራፒስቱ ሲመጣ ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ገና ሽታው ሲደርሳት መፍራት ጀመረች፤ ሽታውና ሕመሙ አንድ ሆኑባት። ያንን ትተን ብርቱካን ልጣጭ ያዝን። መጀመሪያ ማታ ማታ፣ መዝሙር እየሰማች እግሯን ስናሻት ብቻ ነበር የምናሸታት። ከሰላሙ ሰዓት ጋር ከተዋደደ በኋላ ነው ወደ ልምምዱ ያመጣነው። ዕጣንም ሞክረን ነበር፤ ጭሱ አሳላት፣ ከሰሉም በተዘጋ ክፍል አደጋ ስለሆነ ተውነው።

ፊዚዮቴራፒስት (ሐዋሳ)፦
ማሸት ይቻላል፤ ዘይቱን ግን ሳታቀጥኚ አትቀቢ። 30 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት ውስጥ 6 ጠብታ ይበቃል። መጀመሪያ በግራ ክንዳቸው ላይ ትንሽ ቀብተሽ እስከ ነገ ጠብቂ፤ ቀኙ ላይ ቢያሳክካቸው ላይሰማቸው ይችላል። የደከመውን እጅ ከትከሻው አትጎትቺ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ዘይቱን በሳሙና እጠቢላቸው፤ የተቀባ እጅ ሲይዙት ያዳልጣል። ከፋርማሲ የሚሸጡ ሕመም ማስታገሻ ቅባቶችንም ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትጠቀሚ፤ አንዳንዶቹ ዋርፋሪን ከሚባለው የደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኙ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ፍርሃቱ መቼ ጀመረ? ወድቀው ያውቃሉ?

ጠያቂ፦
አዎ። ከሆስፒታል በወጡ በሁለተኛው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከእጄ ወደቁ። ብቻዬን ነበርኩ። አልተሰበሩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን እኔም እሳቸውም አላነሳነውም። ለፊዚዮቴራፒስቱም አልነገርኩትም።

ፊዚዮቴራፒስት (ሐዋሳ)፦
ዛሬውኑ ንገሪው። የሚፈሩት ሰውየውን ሳይሆን መውደቅን ነው። ሳይነሱ፣ አልጋ ጫፍ ላይ በመቀመጥ ይጀምር፤ ከኋላቸው ወንበር ይቁም፣ ወገባቸው ላይ ቀበቶ ይታሰር። ከመንካቱ በፊት ሊያደርግ ያለውን ይንገራቸው፤ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው እሺ እስኪሉት ይጠብቅ። ሽታውን ሲያሸቱ ትንፋሻቸውን ካስገቡበት ረዘም አድርገው እንዲያስወጡ አብረሻቸው ተንፍሺ።

ነርስ ነኝ፦
አንድ ልጨምር። ከስትሮክ በኋላ ከአራት ሰው አንዱን ያህል ጭንቀት ያገኘዋል፤ መታከምም ይችላል። እንቅልፍና ምግብ ከከለከላቸው ለሐኪሙ ንገሪ። ፊታቸው በድንገት ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከባሰ ግን ሽቶ ቀርቶ ውኃ እንኳ ሳትሰጪ ወደ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ጠያቂ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
ሦስት ሳህን አቀረብኩላቸው፤ ላቬንደር፣ ብርቱካን ልጣጭና የተቀጠፈ ጠጅ ሳር። የእህቴን ዘይት በግራ እጃቸው ገፉት፤ ጠጅ ሳሩን ግን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አክስቴ ይህን አይታ አለቀሰች፤ ጠጅ ሳር የምታመጣላቸው አሁን እሷ ናት። ስለ መውደቁም ተነጋገርን። እኔ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እሳቸው እጄን ያዙኝ። ትናንት ወንበሩ ከኋላቸው ሆኖ አራት እርምጃ ሄዱ። ላቡ አሁንም አለ፤ የአልጋውን ብረት ግን ለቀዋል። ቅጠሉን ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ልተወው?

ነርስ ነኝ፦
አትተዪው፤ አፍንጫ ሽታ ቶሎ ይለምዳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ አንሺው፣ ማታ ደግሞ አዲስ ቅጠል አምጪላቸው።