ቆረቆር፦ ክሬም ለውጥ አላመጣም፣ ለ18 ኪሎ ልጅ ኪኒኑ ስንት ይሁን?

ጠያቂ (ጤና ጣቢያ፣ አዘዞ)
ሰላም ለሁላችሁ። የ6 ዓመት ወንድ ልጅ፣ 18 ኪሎ። ጭንቅላቱ ላይ ሦስት ቦታ ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ተበጣጥሷል፤ ቅርፊት አለው፣ ያሳክከዋል፣ ማጅራቱ ላይ ንፍፊት ይዳሰሳል። ክሎትሪማዞል ክሬም አንድ ወር ተቀብቶ ለውጥ የለም። የፈንገስ ኪኒኑ ግሪሲዮፉልቪን የተገኘው ባለ 500 ሚሊግራሙ ብቻ ነው። እንዴት ይከፈል? አብረውት የሚተኙ ሁለት እህቶችም አሉት።

መልስ 1 (የቆዳ ሕክምና)
ቅርፊት፣ የተበጠሰ ፀጉርና የማጅራት ንፍፊት በአንድ ልጅ ላይ ከተገናኙ ቆረቆር ነው ብሎ ሕክምና መጀመር ይቻላል። ቦታው ልሙጥ ሆኖ ቅርፊት ባይኖረው ኖሮ ሌላ ነገር እንጠረጥር ነበር። ክሬም የማይሠራው ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥና ሥሩ ድረስ ስለሚገባ ነው፤ ቅባት እዚያ አይደርስም። ሌላ ክሬም መቀየርም ዋጋ የለውም። ቤታሜታዞን (መቆጣትን የሚያበርድ ስቴሮይድ) የተቀላቀለበት ከሆነማ ይብሳል፦ ማሳከኩ ይታገሣል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል።

ላቦራቶሪ ካለ ቅርፊቱንና አጫጭሮቹን ጉቶ ፀጉሮች ፍቃችሁ ላኩ። ረጅሙን ጤነኛ ፀጉር ነቅሎ የሚልክ ብዙ ነው፣ ውጤቱም "ኔጌቲቭ" ይመጣል። በዉድስ ላምፕ (አንዳንድ ፈንገስ የሚያበራበት የአልትራቫዮሌት መብራት) አለማብራቱም አያዘናጋ፤ እኛ አገር በብዛት የሚገኘው የፈንገስ ዓይነት፣ ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም፣ አያበራም።

መጠኑ በኪሎ 20 ሚሊግራም ሲታሰብ በቀን 360 ይሆናል። ግማሽ ፍሬ (250) ያንሳል፤ ሕክምናው ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ጠዋት ሩብ፣ ማታ ግማሽ ስጡት፦ 375። ከ6 እስከ 8 ሳምንት። በሦስተኛው ሳምንት ማሳከኩ ሲጠፋ ወላጆች ያቋርጣሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው።

መልስ 2 (ፋርማሲ፣ ማራኪ)
ግሪሲዮፉልቪን ያለ ስብ በደንብ አይመጠጥም። ከወተት ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋር ይወሰድ። ጾም ላይ ላሉት ለውዝ፣ ሰሊጥ ወይም ዘይቱ በርከት ያለ ሽሮ ይተካል፤ ባዶ ሆድ ላይ ከሻይ ጋር መዋጥ ግን መድኃኒት ማባከን ነው። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ሌላው የፈንገስ ኪኒን ቴርቢናፊን ከተገኘ ለዚህ ፈንገስ እኔ እሱን እመርጣለሁ፦ ከ20 ኪሎ በታች የ250 ሚሊግራሙ ሩብ፣ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ግማሽ፣ በቀን አንዴ ለ4 ሳምንት። ስብ አይፈልግም። የጉበት ችግር ያለበት ልጅ ላይ ግን አይጀመር። የኬቶኮናዞል ኪኒን በርካሽ ቢገኝም ለዚህ አትዘዙ፤ ጉበት ስለሚጎዳ አውሮፓ ውስጥ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለፈንገስ እንዳይታዘዝ ተወስኗል። ሻምፖው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ይጠቅማል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ጭንቅላቱ ይላጭ? ትምህርት ቤትስ ይቅር?

መልስ 3 (ነርስ፣ የቆዳ ክፍል)
መላጨት ግዴታ አይደለም፤ ኪኒኑን ከጀመረ ትምህርት ቤትም ይሂድ። የእህቶቹን ጭንቅላት ሹሩባቸውን ፈትታችሁ እዩ፣ ቅርፊቱ በሹሩባው መስመር መሃል ይደበቃል። ምልክት ካላቸው ኪኒን፤ ከሌላቸውም ሦስቱም 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፖ በሳምንት ሁለቴ፣ 5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ። ሻምፖው ብቻውን አያድንም፣ ወደ ሌላ ሰው የሚረግፈውን ይቀንሳል እንጂ። ማበጠሪያ ፀጉሩ ተለቅሞ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ኮፍያና ፎጣ አይዋዋሱ። በአንድ ምላጭ ተራ በተራ መላጨት፣ የአብነት ተማሪዎች ዘንድ በተለይ፣ አንዱ ቢድን ሌላው መልሶ እንዲያስይዘው ያደርጋል።

ኪኒኑ በተጀመረ ሰሞን ጆሮው አካባቢና ፊቱ ላይ ትናንሽ የሚያሳክኩ ሽፍታዎች ቢወጡ "መድኃኒቱ አልተስማማውም" ብላችሁ አታቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ሰውነት ለፈንገሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ከንፈር ወይም ዓይን ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ግን ወዲያው ይቁም። ቦታው ረግረግ ብሎ አብጦ መግል ካወጣ እባጭ መስሏችሁ አትብጡት፣ ጠባሳ ጥሎ ፀጉሩን ለዘለቄታው ያሳጣዋል። ኪኒኑ ይቀጥል፣ ልጁን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላኩት።