ራሊ በጎንደር መንገድ፦ ይምጣ ወይስ ይቅር?

የማራኪው ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ ጎንደሮች። ጥያቄዬ አንድ ነው። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚወርደው መንገድ ላይ በዓመት አንዴ የመኪና ራሊ፣ መኪኖች ተራ በተራ እየተነሱ በሰዓት የሚወዳደሩበት ማለት ነው፣ ቢካሄድ ትደግፋላችሁ? እኔ እደግፋለሁ።

ናይሮቢ ለሥራ በነበርኩበት ጊዜ ሳፋሪ ራሊን በአካል አይቻለሁ። ቦታው ናይቫሻ ነው፣ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው የተነሳነው። መወዳደሪያው መንገድ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ የዘገየ ሰው አይገባም። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ሰው ምንጣፍ አንጥፎ ይበላል፣ ሻይ ከፔርሙስ ይቀዳል፣ ልጆች ይራወጣሉ። የከተራ ዕለት ነው የመሰለኝ።

መጀመሪያ ሄሊኮፕተሩ መጣ። ቀጥሎ ከኮረብታው ማዶ አቧራ ተነሳ። ድምፁ መኪናውን ቀድሞ ደረሰና ደረቴን መታኝ። መኪናው ፊታችን ላይ የቆየው ሦስት ወይ አራት ሰከንድ ነው። አለፈ፣ ጥርሳችን ሳይቀር አቧራ ሆነ። የሚቀጥለው እስኪመጣ ደቂቃዎች አሉ። አጠገቤ አንድ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ቋንቋ አልተግባባንም። በዱላቸው መሬት ላይ መታጠፊያውን ሳሉልኝ፣ ከዚያ የመጀመሪያው መኪና የገባበትን መስመር፣ ከዚያ የሁለተኛውን። ሁለተኛው ዘግይቶ ነው የታጠፈው ማለታቸው ነው። ልክ ነበሩ። በቲቪ ስንት ዓመት ሳይ ያላስተዋልኩትን ነው ያሳዩኝ።

ውድድሩ የተጀመረው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጥቶ በ2021 ተመለሰ። ኬንያ ከቻለች እኛ ምን ያንሰናል? ሊማሊሞን የመሰለ መታጠፊያ ይዘን!

ባለ ባጃጅ፦
እደግፋለሁ! ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲበላ ጨዋታዎቹ ሌላ ሌላ ከተማ ነበሩ። የራሳችንን ድል በቲቪ አየነው። ያ ነገር እስከዛሬ ያንገበግበኛል። እዚሁ ደጃችን የሚመጣ ነገር ካለ ይምጣ። እንዲያውም ለምን ፒያሳን እየዞሩ አይሮጡም? የሞናኮው የፎርሙላ ዋን መኪና ውድድር ከተማ ውስጥ አይደል እንዴ?

ነርስ ከዳባት፦
ወንድሞቼ፣ እኔ እቃወማለሁ። ደስታችሁ ይገባኛል። ግን ያ መንገድ ለእኛ የሕክምና መንገድ ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አምቡላንሱ የሚያውቀውም ያንኑ አንድ አስፋልት ነው። ከሊማሊሞ ወዲያ ላለው ሰው ደግሞ ይብሳል።

አምና አንዲት እናት ምጥ ጸንቶባት ሪፈር ተጽፎላት ይዘናት ስንሄድ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ የተበላሸ ተሳቢ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። 40 ደቂቃ ነው የቆምነው። እጇን ይዤ ሰዓቴን ነበር የማየው። «ደረስን ወይ?» ትለኛለች፣ «ደረስን እቴ፣ ደረስን» እላለሁ። እሷም ልጇም ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያንን መንገድ ግማሽ ቀን ይዘጋ ስትሉ እኔ የሚታየኝ ያ ሌሊት ነው።

መካኒክ ከአዘዞ፦
እኔ መኪና ነፍሴ ነው። ሳፋሪን ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ያሸነፈው የቶዮታ ያሪስ ነው፣ እዚህ ቪትዝ የምንላት ዘር ማለት ነው። እዚያ ሲወዳደሩ አየር የምትስብበትን ቱቦ ወደ ጣራዋ ያወጡላታል፣ ውሃና አቧራ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ። ያንን በዓይኔ ባይ ደስታዬን አልችለውም።

የሚያስፈራኝ ተመልካቹ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ለ ማን ላይ፣ ያ የፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር፣ አንድ መርሴዲስ ተፈናጥሮ ሕዝብ ውስጥ ገባ። ከ80 በላይ ሰው ሞተ። ስዊዘርላንድ በዚያ ሰበብ የትራክ ውድድርን በሀገሯ ለብዙ አስርት ዓመታት ከለከለች። በ1986 ደግሞ ፖርቱጋል ራሊ ላይ ሰው መንገዱ መሃል ድረስ ይገባ ነበር፣ መኪናው ሲቃረብ ነው ገለል የሚለው። አንዱ ሾፌር ሰው ላስተርፍ ሲል መሪው አምልጦት ሕዝቡ ላይ ወጣ። ሰዎች ሞቱ፣ ትልልቆቹ ቡድኖች ውድድሩን ጥለው ወጡ።

አሁን እኛን አስቡን። ብስክሌት ውድድር ሲያልፍ እንኳ አስፋልቱ ላይ ወጥተን አንገታችንን የምናሰግግ ሰዎች ነን። ሊማሊሞ ላይ በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው ግድግዳ። ተመልካቹ የት ይቁም? መኪና መታጠፊያ ላይ ሲስት የሚወጣው በውጪው በኩል ነው፣ ሰው ደግሞ ጥሩ ስለሚያሳይ እዚያው ይቆማል። ይህ ሳይመለስ እኔ አልደግፍም።

የግቢው አስጎብኚ፦
ለባለ ባጃጁ ወንድሜ፦ ፒያሳን እርሳው። ሞናኮ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው የሚያዘጋጀው፣ 3.3 ኪሎ ሜትር ለሆነ ዙር ሳምንታት ሙሉ የብረት አጥር ይተክላሉ። የእኛ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ በድንጋይና በኖራ የቆመ ቅርስ ነው። ንዝረት አጠገቡ እንዲደርስ አልፈልግም።

ግን በአካል ማየት ለውጥ የለውም የሚል ካለ አልስማማም። ጉግስ ያየ ሰው ያውቀዋል። ፈረሱ ሳይደርስ መሬቱ ለእግርህ ይነግርሃል። እንግዶቼ ከጥምቀት በኋላ ደጋግመው የሚያወሩልኝ ያንን ነው፣ ፎቶውን አይደለም።

ነጋዴ ከአራዳ፦
ከሁሉ በፊት ሰው ከጎንደር ደባርቅ ሳይሰጋ ደርሶ ይመለስ። ይህን ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። ከዚያ ራሊውንም እናያለን፣ ቡናውንም እንሸጣለን።

የማራኪው ልጅ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። ሊማሊሞ ይቅር ብያለሁ። እህቴ ነርሷ፣ ያልሽው አልጠፋኝም ብል ውሸት ነው፣ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ነገርሽን ሳነብ ናይቫሻ ትዝ አለኝ። ድሮ ሳፋሪ ክፍት የሕዝብ መንገድ ላይ ነበር የሚሮጠው፣ ሄሊኮፕተሩም ከፊት ያለውን መኪናና ከብት ለሾፌሩ ያስታውቅ ነበር። አሁን ግን አብዛኛው በግል የከብት እርባታና በጥብቅ ስፍራ ውስጥ ነው። እኛ የሄድንበት ዋና አስፋልት ክፍት ነበር። ስለዚህ ጥያቄዬን ልቀይር፦ ከዋናው መንገድ የራቀ፣ ሰው ከፍ ብሎ ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሚያይበት ሜዳ ቢሆንስ?

መካኒክ ከአዘዞ፦
እንደዚያ ከሆነ አለሁ። ተመልካቹ ከፍታ ላይ፣ በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል፣ ገመድ ተወጥሮ፣ ፊሽካ የያዘ ሰው በየቦታው ቆሞ። ገመዱን አልፎ የገባ ካለ ውድድሩ ይቁም። መኪኖቹን ቀድሜ በነፃ እፈትሻለሁ፣ ፍሬን የሌለው አይነሳም።

ነርስ ከዳባት፦
አምቡላንስም ከጤና ጣቢያ እንዳይወሰድ። ለውድድሩ የራሱ ይምጣለት። እንደዚያ ከሆነ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ።