ያረጀ የፍሳሽ ማጣሪያ፦ እያደሱ መኖር ወይስ አዲስ መገንባት?

አወያይ
የዛሬው መከራከሪያችን ይሄ ነው። አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ 40 ዓመት ሞላው እንበል። ሲሠራ ከታሰበለት ሕዝብ በላይ እያገለገለ ነው፤ ወደ ወንዝ የሚለቀው ውሃ ማሟላት ያለበት ደረጃም ከቀድሞው ጠብቋል። ለቀጣዮቹ 30 ዓመታት የሚያቅድ ሰው ምን ይምረጥ? ባለበት ቦታ ደረጃ በደረጃ ያድሰው? ወይስ አዲስ ገንብቶ አሮጌውን ይዝጋ? ስድብ ክልክል ነው፤ ጣቢያው ያለው ሽታ ይበቃናል።

ሲቪሉ
እኔ ሳልዞር ልናገር፦ አዲስ ይገንባ። የዚያን ጊዜ ማጣሪያዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለሁለት ነገር ነው፤ ጠጣሩን ለማስቀረትና ኦርጋኒክ ቆሻሻውን ለመቀነስ። ዛሬ የሚጠየቀው ግን አሞኒያ፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ ነው። አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አዝጋሚ ናቸው፤ ቶሎ አይባዙም። ስለዚህ እነሱ የሚኖሩበት ጭቃ፣ ዝቃጩ፣ ገንዳው ውስጥ ብዙ ቀን መቆየት አለበት፤ ብዙ ቀን ማለት ደግሞ ትልቅ ገንዳ ማለት ነው። በዚያ ላይ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ ወደ 4.6 ግራም ኦክስጅን ይጠይቃል። ገንዳው ብቻ ሳይሆን አየር የሚነፋው ብሎወሩም፣ ገመዱም፣ ትራንስፎርመሩም አነሰ ማለት ነው። ታዲያ የሚታደሰው ምኑ ቀረ? ባረጀ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ መጣፍ እኮ ቀዳዳውን ማስፋት ነው።

ጭቃ ሹም
ወንድሜ ሲቪሉ፣ "40 ዓመት ሞላው" የምትሉት የቱን ነው? ማጣሪያ እንደ ሰው አንድ የልደት ቀን የለውም። ኮንክሪቱ በደህና ከተሠራ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ፓምፑና ብሎወሩ 15፣ ቢበዛ ከ20 እስከ 25 ዓመት። መቆጣጠሪያ ቦርዱ ከ10 እስከ 15፤ እሱም ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ሳይሆን መለዋወጫውን የሚያመርተው ፋብሪካ ስለሚያቆም ነው። ኮንክሪቱን እንኳ ብትወስደው በሁሉም ቦታ እኩል አያረጅም።

አንድ የማውቀው ጣቢያ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አማካሪ መጣና ቅጽ ሞላ። መግቢያው ቦይ ላይ ሲደርስ "ሁኔታ፦ ጥሩ" ብሎ ጻፈ። ያየው ክዳኑ ላይ ቆሞ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ጋዝ መለኪያ አንጠልጥለን፣ ገመድ ታጥቀን ገባን። ከውሃው መስመር በታች ያለውን ግድግዳ በመዶሻ ስመታው ጮኸ፤ ትናንት የተሞላ ይመስላል። ከመስመሩ ሁለት ስንዝር ከፍ ብዬ ካቻቢቴ ብገፋበት እስከ እጀታው ጠለቀ። ነጭ፣ እርጥብ፣ እንደ ጠመኔ የሚፋቅ ነገር። ከኋላው ፌሮው ቡናማ ሆኖ ተላጧል።

ምክንያቱ ይታወቃል። ፍሳሹ አየር አጥቶ ሲቆይ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከውሃው በላይ ያለው እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ባክቴሪያ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጠዋል። አሲዱ ኮንክሪቱን ወደ ጂፕሰም፣ ማለትም ወደ ጄሶ፣ ይቀይረዋል። በቃ። ውሃ ውስጥ ያለው ክፍል ይድናል፣ አየር ላይ ያለው ይበላል። እና እኔ እያንዳንዱ ክፍል በየዕድሜው ይታይ ባይ ነኝ። ደህናውን ገንዳ አፍርሶ አዲስ ገንዳ መቆፈር ምን የሚሉት ሥራ ነው?

ሒሳብ ያዥ
እኔ ካቻቢቴ ይዤ አልገባም፤ የማየው ደብተሩን ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የሚያስፈልግ አቅም ዛሬ መገንባት ማለት፣ የዛሬ ተጠቃሚ ገና ላልመጣ ጎረቤት ወለድ ይክፈል ማለት ነው። ያ ጎረቤት ባይመጣስ? ይሄ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990 ውህደት በኋላ ሆኗል። ሕዝቡም ፋብሪካውም ይጨምራል ተብሎ ብዙ ቦታ ትላልቅ ማጣሪያ ተገነባ። ሰዉ ወደ ምዕራብ ሄደ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ የውሃ ፍጆታው ወረደ። የተረፉት ነዋሪዎች ባዶ ገንዳ እያዩ ሂሳብ ከፈሉ።

ግን ጭቃ ሹምም አይደሰቱ። "እያደስን" የሚለው ቃል ለብዙ አስተዳደር "ዘንድሮ አንክፈል" ማለት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የንጹሕ ውሃ ሕጓን ስታወጣ ፌዴራል መንግሥቱ ከግንባታው ወጪ 75 በመቶውን ይሰጥ ነበር። ማንቀሳቀሻና ጥገናው ለከተማው ተተወ። በ1987 እርዳታው ቀስ በቀስ ወደ ብድር እንዲዞር ተወሰነ። በአንድ ዘመን የተገነባው ሁሉ በአንድ ዘመን አረጀ፤ ያጠራቀመ የለም። ለአዲስ ጣቢያ ሪባን ይቆረጣል፤ ለተቀየረ ኩሽኔታ ሪባን ሲቆረጥ ያየ አለ?

የወንዙ ጎረቤት
ሁላችሁም ከማጣሪያው አጥር ውስጥ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። እኔ ከሚለቀው ቱቦ በታች ነኝ። ደረጃ በደረጃ የሚለውን ቃል ጠግቤዋለሁ። እኛ ጋ ምዕራፍ አንድ ተመረቀ፤ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሳ። ምዕራፍ ሁለት ያው ከርሞ ጥጃ ሆኖ ቀረ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ደግሞ ማጣሪያው "ሞላብኝ" ብሎ ሳያጣራ ይለቀዋል። አረፋው ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል። ሲቪሉ ልክ ነው፤ ትልቅ ተሠርቶ አንዴ ይገላገሉን።

ጭቃ ሹም
ጋሼ፣ ቅሬታዎ ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። ዝናብ ሲመጣ ማጣሪያው የሚጥለቀለቀው አብዛኛውን ጊዜ ማጣሪያው ስላነሰ ሳይሆን ቧንቧው ስለሚያፈስ ነው። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ። የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ፣ ክዳኑ የተሰበረ ማንሆል፣ የጣሪያ አሸንዳውን ከፍሳሽ መስመር ጋር ያገናኘ ቤት። የዝናቡ ውሃ በዚያ ሁሉ ይገባና የቀኑን ፍሰት ሦስትና አራት እጥፍ ያደርገዋል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማንሆል ክፈቱ። ሰው ተኝቷል፤ ሽንት ቤት የሚደፋ የለም ማለት ይቻላል። የሚወርደው ውሃ ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛና የማያቋርጥ ከሆነ ፍሳሽ ሳይሆን የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ለሱ ገንዳ መሥራት ጣሪያው እያፈሰሰ ባልዲ መግዛት ነው።

ሲቪሉ
እሺ፣ ቧንቧው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ማስፋፋት ከማሰብ በፊት የሌሊቱ ፍሰት ይለካ። ግን ስለ ትርፍ አቅም የሚያስፈራሩን ነገር የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 የለንደኑ ወንዝ ቴምስ ሸትቶ ፓርላማው መቀመጥ እስኪያቅተው ሲደርስ መሐንዲሱ ባዛልጌት ለንደን ሥር የዘረጋቸው ዋና ዋና መስመሮች ለዚያ ዘመን ሕዝብ የተረፉ ነበሩ። ከ150 ዓመት በኋላም እያገለገሉ ነው። "ይበዛል" ብለው ቢያሳንሱት ኖሮ?

ጭቃ ሹም
ቧንቧ ባዶ ሲሆን ምንም አይሆንም፤ ማጣሪያ ግን ሕይወት ያለበት ነገር ነው። ግማሽ ጭነት ያገኘ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያው ምግብ ያጣል። ያኔ ክር የሚመስሉት ዓይነቶች ይበዙና ዝቃጩ እንደ ተነፋ ጥጥ ተንሳፍፎ አልዘቅጥ ይላል። ሊፈስ የማይገባው ሁሉ ከንጹሑ ውሃ ጋር ወደ ጋሼ ወንዝ ይሄዳል። መብራቱም አለ። ማጣሪያ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ግማሽ ገደማው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አየር ለመንፋት ነው። ዝቃጩ እንዳይተኛ ባዶውንም ገንዳ ማማሰል አለብህ። መስመርህን በጥንድ በጥንድ አድርገህ አንዱን መዝጋት ካልቻልክ በቀር ትልቅ መሥራት ደህንነት አይደለም። የለንደኑም ቢሆን ዝናቡን አልቻለውም፤ ከሥሩ ሌላ ግዙፍ ዋሻ ቆፍረው ሥራውን የጨረሱት ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

ለምን?
ይቅርታ፣ ተማሪ ነኝ። አሁን በአሮጌው ገንዳ ውስጥ የሚገቡ አዳዲስ ዘዴዎች አሉ አይደል? ሜምብሬን የሚባለው በጣም ደቃቅ ማጣሪያ ጨርቅ፣ ባክቴሪያ የሚለጠፍባቸው ተንሳፋፊ ፕላስቲኮች፣ እንደ ጠጠር የሚሆን ዝቃጭ። ገንዳው ሳይሰፋ አቅሙ ይጨምራል ይባላል። ክርክሩ ለምን "ማደስ" እና "አፍርሶ መሥራት" በሚሉት ሁለት ብቻ ተወሰነ?

ሲቪሉ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ዛሬም ብዙው ዓለም የሚጠቀምበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1914 ማንቸስተር፣ እንግሊዝ ላይ አርደርንና ሎኬት የተባሉ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ነው፤ አየር ንፋ፣ አዝቅጥ፣ ዝቃጩን መልሰህ አስገባ። አዲሶቹ በዚያ ላይ የተጨመሩ ናቸው። ሜምብሬን ማዝቀጫ ገንዳውን ያስቀርና ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን መብራት ይበላል፣ በአሥር ዓመት ገደማ ጨርቁ ይቀየራል። ጠጠር የሚመስለው ዝቃጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ኔዘርላንድ ኤፔ ከተማ ላይ በሙሉ መጠን ለከተማ ፍሳሽ ሥራ ጀምሯል፤ እሱ በፍጥነት ስለሚዘቅጥ ቦታውም ይቀንሳል። ለእንደዚህ ዓይነት ጣቢያ ተንሳፋፊዎቹ ፕላስቲኮች ይቀርቡኛል። ባክቴሪያው ላያቸው ላይ ስለሚኖር ከውሃው ጋር ታጥቦ አይወጣም፤ አዝጋሚዎቹ አሞኒያ በሎችም ጊዜ ያገኛሉ።

ከላይ ያልኩትን እዚህ ላይ ማረም አለብኝ፦ "ብዙ ቀን ማለት ትልቅ ገንዳ" የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ጭቃ ሹም
ሲቪሉ እጅ ሲሰጥ ሁለት ጊዜ ሆነ፣ መዝግቡልኝ። ለተማሪው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ ስለ ገንዳው መጠን ያወራል እንጂ ከገንዳ ወደ ገንዳ ስለሚሄደው ቱቦ አያወራም። ውሃው ከመግቢያ እስከ መውጫ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ከፍታው የተቆጠረ ነው። መሃል ላይ አዲስ ነገር ስትጨምር ከዚያች ከፍታ ላይ ትቀንሳለህ። ገንዳው በቂ ሆኖ ማገናኛ ቱቦው ጠቦ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ከጠርዝ በላይ ሲፈስ አይቻለሁ። ፕላስቲኩን የሚይዘው ወንፊትም ፀጉርና ጨርቅ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ መግቢያው ላይ ያለው ማጥለያ አስቀድሞ በደቃቅ መቀየር አለበት። ሻጩ ይሄን በመጨረሻው ገጽ ነው የሚጽፈው።

የወንዙ ጎረቤት
እናንተ በጥበብ ተራቀቃችሁ። እኔ የምጠይቀው ቀን ነው። መቼ?

ሒሳብ ያዥ
ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ቀን ባይሆን እመርጣለሁ። በዕቅድ ላይ "በዚህ ዓመት ምዕራፍ ሁለት" ሲባል ዓመቱ ይመጣና ይገፋል፤ የገፋውም ሰው አይጠየቅም። በቀን ፈንታ በመጠን እንሰረው። የሚገባው ጭነት ከአቅሙ 80 በመቶ ሲደርስ ዲዛይኑ ይጀመር፣ ጨረታውም ከዚያ በላይ በተቆረጠ መጠን ይውጣ። የዕድሳቱ ገንዘብ ከዛሬ ጀምሮ በየዓመቱ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለደመወዝ እንዳይነካ። ጭነት ስል የውሃውን ብዛት ብቻ አይደለም። ሰው ውሃ ሲቆጥብ ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ቆሻሻው ግን ያው ነው፤ ወፍሮ ይመጣል። ፍሰት ብቻ የሚያይ ዕቅድ "ቦታ አለን" እያለ ይሞላል።

የወንዙ ጎረቤት
ልጄ፣ ሐሳብሽ ያምራል። 80 መድረሱን የሚነግረን ማነው? መለኪያው ገንዘቡን በሚያወጣው ሰው እጅ ከሆነ 79 ላይ አሥር ዓመት ይቆማል።

ጭቃ ሹም
ጋሼ ያሉትን አልከራከርም። ክፋት እንኳ ባይኖር ይሆናል። የፍሰት መለኪያችን ለሁለት ዓመት ውሸት ሲያነብ አናውቅም ነበር። ቦዩ ሥር ደለል ተኝቶ የውሃውን ከፍታ አዛብቶታል። አካፋ ይዘን ስንጠርገው ቁጥሩ በአንድ ቀን ተለወጠ። በዚያ ቁጥር ላይ ቆሞ የተጻፈ ሪፖርት ነበር፤ ጥራዙ ወፍራም፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ።

ስለዚህ የሚወጣው ውሃ የአሞኒያ ልክ በየሳምንቱ በሩ ላይ ይለጠፍ፣ ናሙናውንም አልፎ አልፎ ሌላ ላቦራቶሪ ይድገመው። ያን ጊዜ 79 ላይ ለመቆም ይከብዳል።

ሲቪሉ
እኔ ግን ከሐሳቤ ሙሉ በሙሉ አልወረድኩም። ደንቡ ነገ የት እንደሚደርስ እዩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ1991 የከተማ ፍሳሽ መመሪያዋን በ2024 ስታሻሽል ትልልቅ ጣቢያዎች እስከ 2045 የመድኃኒትና የመዋቢያ ቅሪት የሚያስቀር ተጨማሪ ደረጃ እንዲሠሩ ወስናለች፤ አብዛኛውን ወጪ አምራቾቹ እንዲሸፍኑ አድርጋ። ይህ ዓይነት ነገር ሌላውም ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ለዚያ የሚሆን መሬት አሁን ካልታጠረ በኋላ አጥሩ ሥር ቤት ተሠርቶ ታገኙታላችሁ። አሮጌው ቦታ ጠባብ ከሆነ ስንት ጊዜ ብታድሱት መጨረሻው መሄድ ነው። ደግሞም ፍሳሽ "እስክታድሱ ልጠብቅ" አይልም። በሚሠራ ጣቢያ ውስጥ መገንባት ሥራውን ያጓትታል፣ ጊዜያዊ ቱቦና ፓምፕ ይጠይቃል፣ አደጋም አለው። ይሄን ወጪ የማደስ ወገኖች ሒሳብ ውስጥ አላየሁትም።

ሒሳብ ያዥ
እውነት ነው፤ እኔም አላስገባሁትም። መሬቱን በተመለከተ እስማማለሁ፤ መሬት ይዞ ግንባታ አለመጀመር ይቻላል። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

አወያይ
ሰዓቱ እየሄደ ነው። አንድ ጥያቄ ለሁለታችሁ፦ ምን ብታዩ ሐሳባችሁን ትለውጣላችሁ?

ጭቃ ሹም
ገንዳው ባዶ ሆኖ ግድግዳው ከውሃው መስመር በታችም ከተበላ፣ ወይም ወለሉ ተሰንጥቆ ውሃ የሚያሰርግ ከሆነ፣ አፍርሱት እላለሁ። የኛን ጣቢያ ገንዳ እስከዛሬ በወሬ እንጂ ባዶውን ያየው የለም። ሁለተኛውን ገንዳ ዝናቡ ሳይመጣ እናደርቀዋለን።

ሲቪሉ
እኔ ደግሞ ኮንክሪቱ በኮር ናሙና፣ ማለትም ተሰርስሮ በሚወጣ ቁራጭ፣ ጠንካራ መሆኑን ካየሁና ለማስፋፊያ መሬት እንዳለ ካረጋገጥኩ እድሳቱን እፈርምበታለሁ። የሚደርቅበትን ቀን ብቻ ይንገሩኝ።

ጭቃ ሹም
የቦቲ ቁጥርህን ላክ።

ሲቪሉ
42። ጋዝ መለኪያውን ግን እርስዎ ይያዙት።