የብሌዘሬ እጅጌ አልገጥም አለኝ፤ አናቱን ልቁረጠው?

ጠያቂ (የማራኪዋ)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ነው ያለሁት። የእናቴን ሲንጀር ወርሼ ቀሚስና የትራስ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ኮት ግን ሰፍቼ አላውቅም። አሁን ከኢንተርኔት የብሌዘር ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ንድፍ) አውርጄ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩና ወረቀቱን በፕላስተር ገጣጠምኩት። ፎደራ የሌለው፣ ሁለት ቁልፍ ያለው፣ ኪሱ ከላይ የሚለጠፍ ቀላል ነገር ነው። ጥምቀት ሌሊት ፋሲል መዋኛ ስንወርድ ብርዱ አይቻልም፣ ከቀሚስ በላይ የምደርበው ፈልጌ ነው።

ጨርቁ ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ጋባርዲን ነው። ከመቁረጤ በፊት አጥቤ ተኩሼዋለሁ። ትከሻውንም ጎኑንም ሰፋሁ፣ እጅጌው ላይ ስደርስ ጉድ ፈላ። የእጅጌው አናት ዙሪያውን 51 ሳንቲም፣ የሚገባበት ቀዳዳ ግን 42 ሳንቲም ሆነ። 9 ሳንቲም ትርፍ! እንደምንም ወስውሼ ባየው በፊት በኩል ተጨማደደ። ከእጅጌው አናት ላይ ትርፉን ልቁረጠው?

የፒያሳ ልጅ

ሲታተም ተዛብቶ ይሆናል። ማተሚያው «ወረቀቱ ላይ አመቻች» የሚለው ላይ ከነበረ ሁሉንም ያሳንሰዋል። 100 ፐርሰንት ተብሎ ነው የሚታተመው። ፓተርኑ ላይ ልኩን ለማረጋገጥ የምትታተመውን መለኪያ ሳጥን አየሻት?

ጠያቂ (የማራኪዋ)

አዎ፣ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ። 10 ሳንቲም ነው፣ ዝንፍ አላለም።

ሰፊው ከአራዳ

እህቴ፣ መቀሱን አስቀምጪው። አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሜትሩን የት ላይ ነው ያሳረፍሽው? የጨርቁ ጠርዝ ላይ ከሆነ ልኩ አሳስቶሻል። ፓተርንሽ ለስፌት 1.5 ሳንቲም ትቶ ከሆነ መለካት ያለበት ክሩ የሚሄድበት መስመር ነው። ቀዳዳው ክብ ነው። ጠርዙ ወደ ቀዳዳው ውስጥ የገባ ስለሆነ ዙሪያው አጭር ነው። ከጠርዙ 1.5 ሳንቲም ገባ ብለሽ ጨርቁ ላይ ስትለኪ ክቡ ይሰፋል፣ ቁጥሩም ብዙ ሳንቲም ይጨምራል። እጅጌው ላይ ግን መስመሩ ወደ ላይ ተቆልምሞ ወደ ታች ስለሚመለስ ለውጡ ትንሽ ነው። እኔም ሥራ ስጀምር በዚሁ አንድ ሙሉ ኮት አበላሽቻለሁ፣ የደንበኛ ኮት ደግሞ። ባለቤቱ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሳሙና ወይም ጠመኔ ይዘሽ የስፌቱን መስመር ዙሪያውን አስምሪ። ከዚያ ሜትሩን በጠርዙ አቁመሽ፣ መስመሩን እየተከተልሽ ለኪ። ሜትር ጠፍጣፋ ከተኛ ክብ ላይ አይታጠፍም።

ሁለተኛ፣ ፓተርኑ ላይ ጠርዙ ዘንድ ትንንሽ ምልክቶች አሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ምልክት ፊት ነው፣ ሁለት ምልክት ጀርባ። እጅጌዎቹን አቀያይረሽ እንዳይሆን። ፊት ላይ ብቻ የሚጨማደድ እጅጌ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ባለ ከሰል ካውያ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ግን ትርፉ ጭራሽ አይጠፋም፣ መጥፋትም የለበትም። የእጅጌ አናት ከቀዳዳው ትንሽ መብለጥ አለበት፣ ትከሻው ላይ ክብ ብሎ የሚቀመጠው በዚያ ነው። ጥያቄው ጨርቁ ይችለዋል ወይ ነው። ሱፍ ከሆነ በእንፋሎት ሰብሰብ ይልልሻል። ጋባርዲን ግን ግትር ነው፣ ከ2 እና 3 ሳንቲም በላይ ስትጭኚበት ያኮርፋል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መኪናውን ረጅም ስፌት ላይ አድርጌ ከፊት ምልክት እስከ ጀርባ ምልክት በአናቱ በኩል ሁለት መስመር እሰፋለሁ። ብብት ስር አልነካም። ክሩን ቀስ እያልኩ እስባለሁ፣ ሽብሽብ ሳይሆን ጎድጎድ እስኪል ብቻ። ፎጣ ጠቅልዬ አናቱን እሱ ላይ አስቀምጥና በእርጥብ ጨርቅ እተኩሰዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ነው የሚረጋው፣ ትኩሱን አታንሽው። መብራት ከጠፋ የከሰል ካውያም ይሠራል፣ ብልጭታው እንዳይጥልብሽ ብቻ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት።

የልብስ ወዳጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና መቁረጥም ኃጢአት አይደለም። በትክክል ተለክቶ ትርፉ 5 ሳንቲም ከሆነ ጋባርዲኑን ማስጨነቅ ለምን? ወረቀቱ ላይ የአናቱን ቁመት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል።

ሰፊው ከአራዳ

ወረቀቱ ላይ ከሆነ እስማማለሁ። መጀመሪያ በአቡጄዲ ሞክሮ። ጨርቁ ላይ በግምት መቀስ ማስገባት ነው የፈራሁት።

ጠያቂ (የማራኪዋ)

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው! በመስመሩ ስለካው ቀዳዳው 48.5 ሳንቲም፣ እጅጌው 51 ሳንቲም ሆነ። ትርፉ ሁለት ሳንቲም ተኩል ብቻ! አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ አትሳቁብኝ። እጅጌዎቹ ተቀያይረው ነበር። የግራውን ቀኝ ላይ ወስውሼ ሁለት ቀን ጨርቁን ስረግም ከርሜያለሁ። አሁን አንዱን በትክክል ወሰወስኩት፣ ቁጭ አለ።

ኮሌታውና ደረቱ ላይ የሚገለበጠውስ? ጫፉ ወደ ላይ ቀና ቀና ይላል።

ባለ ከሰል ካውያ

በካውያ የሚጣበቀውን ማጠንከሪያ ከየትኛው ጨርቅ ላይ አጣበቅሽው? ከላይ የሚታየው ጨርቅ ከታችኛው በጣም በጥቂቱ፣ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር፣ መብለጥ አለበት። እኩል ከተቆረጡ ጫፉ ይቀለበሳል። አሁን ተሰፍቶ ካለቀ፣ ጠርዙን ስትተኩሺ ስፌቱን ትንሽ ወደ ታችኛው በኩል ሳቢው።

ጠያቂ (የማራኪዋ)

እኩል ነበር የቆረጥኩት። መብራት እንደመጣ ልሞክረው።

የፒያሳ ልጅ

ለማንኛውም ጥምቀት ሌሊት ጋቢም ያዢ።